አበባውን የሠራችው ማን ናት?

በ1291 የቬኒስ መንግሥት ብርጭቆ ሠሪዎች እቶኖቻቸውን ከከተማዋ ነቅለው ሙራኖ ወደምትባለው ደሴት እንዲሻገሩ አዘዘ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ በአብዛኛው እንጨት በሆነበት ከተማ ቀንና ሌሊት የሚነድ እቶን የሰፈር ስጋት ነበር። ባለሙያዎቹን በአንዲት ደሴት ላይ ሰብስቦ መያዝም የሙያውን ምስጢር ለመጠበቅ ያመቻል። ከዚያ በኋላ ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ለሚኮበልል ብርጭቆ ሠሪ ብርቱ ቅጣት ተደነገገ። ከሙራኖ እቶን ዋንጫው፣ መስታወቱ፣ ጠርሙሱ ወጣ። ከሁሉም ያነሰው፣ ከሁሉም ርቆ የተጓዘው ግን ዶቃው ነው። ይህ ትረካ ያንን ዶቃ በመርፌና በክር፣ በሽቦም ይዘው አበባና ቢራቢሮ ያደረጉትን ሴቶች ይከተላል። የብዙዎቹ ስም ስለጠፋ፣ ስሟ የተረፈልን ስትገኝ ቆም ብዬ እጠራታለሁ።

ከእነዚህ አንዷ ማሪያ ባሮቪየር ናት። አባቷ አንጄሎ ባሮቪየር በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ውኃ የጠራ ብርጭቆ በመሥራት ዝናው የወጣ ጌታ ነበር። እቶን የወንዶች በሆነበት ዘመን፣ በ1487 የቬኒስ መስፍን ማሪያ ለራሷ ሥራ የሚሆን ትንሽ እቶን እንድታቆም ፈቀደላት። በጽጌረዳ ስም የሚጠራውን ዶቃ የፈጠረችው እሷ እንደሆነች ይታመናል። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቀለጠውን ብርጭቆ በኮከብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከትተው ያወጡታል፤ በላዩ ሌላ ቀለም ያለብሱታል፤ እንደገና ወደ ማውጫው ይመልሱታል። ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እየተደራረበ ከሄደ በኋላ ተስቦ ይቆረጣል። የቁራጩ ጫፍ ሲሞረድ ከውስጥ ባለ ብዙ ቅጠል አበባ ብቅ ይላል። አበባው ዶቃው ላይ የተሣለ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በውስጡ ያለፈ ነው። የዚህች ሴት ስም እኛ ዘንድ የደረሰው በመንግሥት ሰነድ ላይ በመስፈሩ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዶቃው ከሐር ክር ጋር በእንግሊዝ ልጃገረዶች እጅ ገባ። የመርፌ ሥራ ለደህና ቤተሰብ ልጅ የአስተዳደጓ ግማሽ ነበር። ለዚሁ ተብለው የሚታተሙ የንድፍ መጻሕፍትም ነበሩ፤ በ1632 የታተመው የሪቻርድ ሾርሌከር መጽሐፍ በአበባ፣ በወፍና በዓሣ ምስል የተሞላ ነው። ልጅቷ የወደደችውን ሥዕል ዙሪያውን በመርፌ ትበሳና ጨርቁ ላይ ታነጥፈዋለች፤ ከዚያ የከሰል ዱቄት ስትነሰንስበት ነጥብ ነጥቡ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የእነዚህ መጻሕፍት ቅጂ ዛሬ ብርቅ የሆነው እንዲህ ተበስተው፣ ተቀድደው ስላለቁ ነው። በጊዜው የነበረው የጥልፍ ፋሽን ከጨርቁ ከፍ ብሎ የሚነሳ ነበር። የቢራቢሮውን ክንፍ ለብቻ በመርፌ ይሠሩታል፤ ጠርዙን በቀጭን ሽቦ ያጠነክሩታል፤ ከጨርቁ ጋር የሚሰፋው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ክንፉ ቀና ብሎ ይቆማል። ልክ የሚባል ነገር የለም፤ አባ ጨጓሬው ከአጋዘኑ እኩል ነው፣ ቢራቢሮውም ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል።

በ1660 የተወለደችው ማርታ ኤድሊን በዚህ ወግ ያደገች ልጅ ናት። በ1668፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በባለ ቀለም ሐር የመለማመጃ ጥልፏን ሠራች። በቀጣዩ ዓመት በነጭ ክር የተሠራ ሌላ ጨረሰች። በ1671 ዙሪያውን በጥልፍ የተለበጠ ባለ መሳቢያ ሣጥን፣ በ1673 ደግሞ በዶቃ የተሠራ የጌጥ መያዣ አጠናቀቀች፤ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ጥልፎቿን ከነስሟ ምልክትና ከነዓመቱ ስለሠራች እያንዳንዱን በስንት ዓመቷ እንደጨረሰችው ዛሬ ማወቅ ይቻላል። አድጋ አገባች፣ ወለደች፣ በ1725 ሞተች። ሥራዎቿ ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በሴቶቹ መስመር እየተላለፉ ከ300 ዓመት በላይ ቆይተው ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገቡ። የዚያን ዘመን ሥራ ስናይ ሐሩ ደብዝዟል፤ አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ቀዩ ግራጫ ወደ መሆን ሄዷል። ዶቃው ግን ያኔ የነበረው ቀለም እንዳለ ነው። ብርጭቆ ፀሐይ አያጠፋውም።

ማርታ ዶቃዋን በምትደረድርበት ጊዜ ጀርመን ውስጥ፣ ኑረምበርግ ከተማ፣ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ወጣት ሠዓሊ የባለጸጋ ልጆችን ሥዕልና ጥልፍ ታስተምር ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ጥልፍ የሥራ ፈት ሴት ጊዜ ማሳለፊያ ነው ለሚል ሰው ከዚህች ሴት የተሻለ መልስ አላውቅም። ሜሪያን በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች። ሙያውን ያስተማራት የእንጀራ አባቷ፣ አበባ ሣዩ ያኮብ ማሬል ነው። ገና በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች ለውጡን ደረጃ በደረጃ መከታተል ጀመረች፤ ጥልፍ የምትጠልፍበት ክር ከየት እንደሚመጣ በዓይኗ አየች ማለት ነው። በ1675 የአበባ ሥዕል መጽሐፏን የመጀመሪያ ክፍል አወጣች፤ በ1677ና በ1680 ሁለቱ ተከታይ ክፍሎች ወጡ። የተዘጋጁት ጥልፍ ጠላፊዎች እንደ ንድፍ እንዲጠቀሙባቸው ነበር፤ ከአበባው ቅጠል ላይ አንዳንዴ ቢራቢሮ፣ አንዳንዴ ጥንዚዛ ተቀምጦ ይታያል። ከተማሪዎቿ ለአንዷ፣ ለክላራ ኢምሆፍ፣ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ።

በ1679 ሜሪያን ስለ አባ ጨጓሬ ለውጥ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመች። 50 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ ትሉ፣ ሽፋን ለብሶ የሚተኛው፣ ክንፍ አውጥቶ የሚበረው፣ ምግቡ የሆነው ተክልም ጭምር በአንድ ገጽ ተሰብስበዋል። በዚያን ጊዜ ነፍሳት ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር ይፈጠራሉ ብለው የሚያምኑ ብዙ ነበሩ። ለጥልፍ ስትል አበባና ቢራቢሮን በአንድ ገጽ መሣል የለመደች እጅ፣ አንዱ ያለሌላው እንደማይኖር በሥዕል አሳየች። በ1699፣ ዕድሜዋ 52 ሆኖ፣ ትንሿን ልጇን ዶሮቴያን ይዛ የደች ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሱሪናም በመርከብ ተጓዘች። በ1701 ታማ ተመለሰች፤ በ1705 የሱሪናምን ነፍሳት የያዘውን ባለ 60 ሥዕል መጽሐፏን አምስተርዳም ላይ አወጣች፤ እዚያው በ1717 አረፈች። ጫካውን እየመነጠሩ መንገድ የከፈቱላት፣ ትሎቹንም ያመጡላት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የአገሩ ተወላጆች ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ይጠቀሳሉ፤ ስም ግን የላቸውም።

የቬኒስ ሪፐብሊክ በ1797 በናፖሊዮን እጅ ወደቀች። የጥንቱ የሙያ ማኅበራት ፈረሱ፤ ዶቃው ግን ቀጠለ፣ እንዲያውም 19ኛው ክፍለ ዘመን የደራ ገበያው ሆነ። የኑግ ፍሬ የሚያክለው ጥቃቅን ዶቃ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ደስ ይላል። አንዱ ሠራተኛ ከእቶኑ በብረት ዘንግ ጫፍ የቀለጠ ብርጭቆ ያወጣና መሐሉን ባዶ ያደርገዋል። ሌላው በራሱ ዘንግ ሌላኛውን ጫፍ ይይዛል። ከዚያ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይሮጣሉ። ብርጭቆው ሳይቀዘቅዝ በረጅሙ ኮሪደር መቶ ሜትር ያህል ይሳባል፤ እየቀጠነ ይሄዳል፣ የመሐሉ ባዶነት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮት ይዘልቃል። ሲቀዘቅዝ ይከተከታል። ቀዳዳው በሙቀት እንዳይደፈን ኖራና የከሰል ዱቄት ይሞላበታል፤ በጋለ በርሜል ውስጥ ሲንከባለል ስለቱ ዶልዱሞ ይከብባል። ታጥቦ፣ በወንፊት በመጠን በመጠኑ ተለይቶ፣ በመጨረሻም ከፉርሽካ ጋር በከረጢት እየታሸ ይወለወላል።

እስከዚህ ያለው የወንዶች ሥራ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የሴቶች ነበር። ዶቃ በኪሎ ተዝቆ ገበያ አይወጣም፤ በክር ተሰክቶ፣ በዘለላ ታስሮ ነው የሚሸጠው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ኢምፒራሬሴ ተብለው የሚጠሩት የቬኒስ ድሃ ሰፈር ሴቶች ናቸው፤ ካስቴሎና ካናሬጆ በሚባሉት ሰፈሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ብርሃን ፍለጋ ወንበራቸውን ከደጃፍ አውጥተው በጠባቡ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ጭናቸው ላይ በዶቃ የተሞላ የእንጨት ገበቴ አለ። ሴትየዋ ቀጫጭን ረጃጅም መርፌዎችን፣ 40ም 50ም ከዚያም በላይ፣ በአንድ እጇ ጣቶች መካከል ዘርግታ ትይዛለች፤ እያንዳንዱ መርፌ ክሩን አስከትሏል። መርፌዎቹን በአንድነት ዶቃው ውስጥ ሰካ ስታደርጋቸው ዶቃው በራሱ እየተሰካ ወደ ላይ ይወጣል። ገበቴውን እየሰበቀች ደጋግማ ታጠልቃቸዋለች። መርፌው ሲሞላ ወደ ክሩ ታወርደዋለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ከሕፃንነቷ ትለምደዋለች። ከቤት ሥራው፣ ከጡት ማጥባቱ፣ ከወጡ መካከል የሚሠራ ሥራ ነው።

ዶቃውን ከፋብሪካ ተቀብላ ለሴቶቹ የምታከፋፍለው፣ የተሰካውንም መልሳ የምታስረክበው አንዲት አለቃ ነበረች፤ ከክፍያው የራሷን ድርሻ ታስቀራለች። ክፍያው በተሠራው መጠን ነው፤ ቀን ሙሉ ተሠርቶ የሚገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኢሬኔ ኒኒ በ1893 ስለ እነዚህ ሴቶች የጻፈችው አጭር ጥናት ስለዚህ ኑሮ ከተጻፉት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከእሷ በፊት፣ በ1880ና በ1882 ቬኒስ የሰነበተው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት ዶቃ ሰኪዎቹን በጨለምለም ያለ ኮሪደር ውስጥ ሥሏቸዋል። ሥዕሎቹ በትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። የሠዓሊው ስም በግድግዳው ጽሑፍ ላይ አለ፤ የሴቶቹ ግን የለም።

በዚያ ገበቴ ላይ የተሰካው ዶቃ የት የት አልደረሰ! ጋዜጠኛው ስታንሊ በ1871 አሳሹን ሊቪንግስተንን ፍለጋ ከዛንዚባር ወደ መሐል አፍሪካ ሲነሳ ዶቃ በከረጢት በከረጢት አሸክሞ ነበር፤ በየአገሩ ለስንቅና ለማለፊያ የሚከፈለው እሱ ነውና። በአንዱ አገር የሚወደደው ቀይ በሌላው አገር ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ነጋዴ የቀለሙን ምርጫ ካልጠየቀ ይከስራል። ለእኛ አገርም የብርጭቆ ጌጥ እንግዳ አይደለም፤ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የተለያየ ዓይነት ብርጭቆን ይቆጥራል። በኋላ ዘመን ከቬኒስና ከቦሄሚያ የመጣው ጥቃቅን ዶቃ በኦሞ ሸለቆ ሐመሮች ቆዳ ልብስ ላይ፣ በአንገታቸውና በወገባቸው ላይ የምናየው ጌጥ ሆኗል። ሸቀጡን ያመጣው ነጋዴ ነው፤ ቀለሙን የመረጠችው፣ ረድፉን የወሰነችው ግን ለባሿ ናት።

ዶቃው በመርፌ አበባ ሆኖ ከሁሉም ያማረው በሰሜን አሜሪካ ነው ብል አልሳሳትም። የዚያ አገር ተወላጅ ሴቶች ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ቆዳን የሚያስጌጡት በጃርት ወስፌ ነበር፤ ወስፌውን በተክል ቀለም ነክረው፣ አለስልሰው ይሰፉታል። በ1639 የኡርሱሊን መነኮሳት ከፈረንሳይ ኩቤክ ገቡ። መሪያቸው ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ራሷ የተዋጣላት ጥልፍ ሠሪ ነበረች። በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት የአበባ ጥልፍ ከአገሩ ሴቶች ጥንታዊ እጅ ጋር ተገናኘ። በፀጉር ቆዳ ንግድ በኩል የገባው የሙራኖ ዶቃ ደግሞ ለሁለቱም አዲስ ቀለም ሆነ። ከፈረንሳይና ከስኮትላንድ ነጋዴዎችና ከአገሩ እናቶች የተወለዱት ሜቲስ የተባሉት ሕዝቦች በዚህ ሥራ እጅግ ከመጠበባቸው የተነሳ ጎረቤቶቻቸው የአበባ ዶቃ ሕዝብ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

የሚሠሩት በሁለት መርፌ ነው። በአንደኛው ዶቃውን ይሰካሉ፣ መስመሩንም ቅርጽ ያስይዛሉ፤ ሁለተኛው በየሁለት በየሦስት ዶቃው መካከል ክሩን ከጨርቁ ጋር ይነክሰዋል። መስመሩ እንደልብ ስለሚታጠፍ የጽጌረዳው ቅጠል፣ የእንጆሪው ሐረግ ሕይወት ያለው ይመስላል። ከግንዱ ግራና ቀኝ እንደ ፀጉር የሚወጡ ጥቃቅን መስመሮች አሏቸው፤ የሜቲስ እጅ የሚታወቀው በእነሱ ነው። እናት ለልጇ ጫማ፣ ሚስት ለባሏ ኮት፣ የበረዶ ጋሪ ለሚጎትተው ውሻ ልብስ ሳይቀር አበባ ትሠራለች። ከዚህ ሥራ ብዙው ተሸጦ ወይም በስጦታ ሄዶ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተቀምጧል። በመዝገቡ ላይ የገዛው የጦር መኮንን ወይም ያመጣው ተጓዥ ስም አለ፤ ዓይኗን ያፈሰሰችበት ሴት ግን «ያልታወቀች» ተብላ ተመዝግባለች።

በዚያው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ዶቃው ወደ መቃብር ወረደ። ለሞተ ሰው የአበባ ጉንጉን ማስቀመጥ የቆየ ወግ ነው፤ እርጥብ አበባ ግን በሳምንቱ ይጠወልጋል፣ በክረምትም አይገኝም። ስለዚህ በሽቦ ላይ ከተሰካ ዶቃ የሚሠራ ጉንጉን ተፈለሰፈ። ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ፀሐይ አያነጣውም። ጥቁር፣ ነጭና ወይን ጠጅ የኀዘን ቀለሞች ነበሩ፤ ለሕፃን መቃብር ነጩ ይመረጣል። መሐሉ ላይ «ለእናቴ»፣ «ለባለቤቴ» የሚል ቃል ራሱ በዶቃ ተጽፎ ይቀመጣል። እነዚህን የሚሠሩት በቁጥር የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው፤ በቤታቸውና በየሥራ ቤቱ ተቀምጠው ለማያውቁት ሰው ኀዘን አበባ ይሠራሉ። ቅጠል በቅጠል፣ ሽቦ በሽቦ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የዶቃ ጉንጉን በወታደር መቃብር ላይ በብዛት ታየ፤ የዘመኑ ፎቶግራፎች ይመሰክራሉ። አሮጌ የፈረንሳይ መቃብር ላይ እነዚህ ጉንጉኖች ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ሽቦው ዝጎ ሲበጠስ ዶቃው ከሐውልቱ ሥር ጠጠሩ መሐል ይፈስሳል።

ከጦርነቱ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1904፣ የቬኒስ ዶቃ ሰኪዎች አድማ መቱ። በ1898 ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በአንድ ትልቅ ኩባንያ ተጠቃልለው ስለነበር ሴቶቹ አማርጠው የሚሠሩበት ቦታ አልነበራቸውም። በየደጃፉ ተበታትኖ የሚሠራን ሰው አንድ ማድረግ ከባድ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ቢያንስ ባልደረባውን ያያል። እነዚህ ሴቶች ግን መርፌያቸውን አስቀምጠው፣ ዋጋው ይስተካከል፣ በመሐል ድርሻ የምትወስደው አለቃ ትቅር ብለው ተነሱ። ስለ ሥራቸው መራራነት የሚዘፍኑት የሰፈር ዘፈን ከዚያ የትግል ዘመን ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይታወሳል። አድማው ሥራውን ከድህነት አላወጣውም። እነዚህ ሴቶች ሠራተኞች እንጂ የቤት እመቤት ትርፍ ጊዜ አሳላፊዎች እንዳልሆኑ ግን ከተማይቱ በሙሉ በዓይኗ አየች።

ቀጥሎ የመጣው ማሽቆልቆል ነው። ሁለት የዓለም ጦርነቶች የባሕር ንግዱን ቆረጡት። በቦሄሚያ ያብሎኔትስ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ዶቃ ይሠሩ የነበሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከ1945 በኋላ ከአገሩ ተባረሩ፤ ብዙዎቹ ባቫሪያ ውስጥ ኖይጋብሎንስ የሚባል አዲስ ሰፈር ቆርቁረው ሥራቸውን እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። በ1949 ጃፓን ውስጥ፣ ሂሮሺማ ክፍለ ሀገር፣ ሚዩኪ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ አንዱ ከአንዱ የማይለይ እኩል ዶቃ በማምረት ዛሬ በመላው ዓለም ይታወቃል። የቬኒሱ ትልቅ ኩባንያ በበኩሉ እየከሰመ ሄዶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ።

ሽቦና ዶቃው ግን ከመቃብር ተነስቶ ወደ ሳሎን የገባበት ጊዜም አለ። በ1967 አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ናታንሰን ስለ ዶቃ አበባ አሠራር የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ፤ ብዙ ሴቶች ከእሱ ተማሩ። በፈረንሳይ ስም የሚጠራው ይህ ስልት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዶቃው ሁሉ በቀጭን ሽቦ ላይ ይሰካል፤ ሽቦው ከጥቅልሉ አይቆረጥም። ጫፉ ላይ አምስትም ስድስትም ዶቃ ያለበት አጭር ዘንግ ይተዋል፤ የቅጠሉ አከርካሪ እሱ ነው። ዶቃ የተሰካበትን ሽቦ በዘንጉ ቀኝ ይዞ መውጣት፣ አናቱ ላይ አንድ ዙር መጠምጠም፣ በግራ መውረድ፣ ታች አንድ ዙር መጠምጠም። በዘንጉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ረድፍ ሞላ ማለት ነው። ሽቦው አናቱን ሲሻገር ቀጥ ብሎ ከተሻገረ ቅጠሉ ክብ ይሆናል፤ ሰያፍ ከተሻገረ ይሾላል። ጽጌረዳና የወይራ ቅጠል የሚለያዩት በዚህች በአንዲት ማጋደል ነው።

ቢራቢሮም የሚሠራው በዚሁ እጅ ነው። ክንፉ አራት ነው፤ ሁለቱ የላይኞቹ ሾል ያሉ፣ ሁለቱ የታችኞቹ ክብ። የክንፉን የውስጥ ረድፍ በአንድ ቀለም ጀምሮ ዳሩን በጥቁር መጨረስ ነው። ቀለሙ የሚለወጥበትን ቦታ አስቀድሞ ቆጥሮ መሰካት ግድ ይላል፤ አንድ ዶቃ ከተሳሳተ መስመሩ ሁሉ ይዛነፋል። አራቱ ክንፎች ወፈር ባለ ሽቦ ላይ በተደረደረው ሰውነት ይታሰራሉ፤ የተረፉት ሁለት ጫፎች ጠምዘዝ ተደርገው ቀንዶቹ ይሆናሉ። የሽቦው ጥራት ወሳኝ ነው፤ የደረቀ ሽቦ በሦስተኛው መጠምዘዝ ይሰበራል፣ ከመጠን በላይ የላላውም ክንፉን ቀና አድርጎ አይሸከምም። ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለምደው፣ ግን ዓመታት ቢሠሩት የማይሰለች ሥራ ነው።

በ2012 የሜቲስ ሠዓሊ የሆነችው ክሪስቲ ቤልኮርት አንድ ጥሪ አሰማች። ካናዳ ውስጥ ለተገደሉና ደብዛቸው ለጠፋ የአገሩ ተወላጅ ሴቶች መታሰቢያ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው የባህላዊ ቆዳ ጫማ የላይኛውን ክፍል ብቻ አስጊጦ እንዲልክ ጠየቀች። ጫማው ሆን ተብሎ አይጨረስም፤ የሴቶቹ ሕይወትም ሳይሞላ ተቀጥፏልና። ከ1,700 ጥንድ በላይ መጣ። ጽጌረዳ፣ ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ የሰው ስምም በዶቃ የተጻፈባቸው ነበሩ። እስከ 2019 ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በመካከላቸው በዝግታ ያልፉ ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማከብረው ጋዜጣ ላይ በቁጥር ብቻ ይቀርቡ የነበሩ ሴቶች በስማቸው መጠራታቸውን ነው።

በታኅሣሥ 2020 ዩኔስኮ ጣሊያንና ፈረንሳይ በጋራ ያቀረቡትን የብርጭቆ ዶቃ ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። መዝገቡ እቶኑ ዘንድ ከቆመው ባለሙያ ጋር ዶቃ የምትሰካውንና ከዶቃ አበባ የምትሠራውንም ሴት ያካትታል። እቶኖቹ ወደ ሙራኖ ከተሻገሩ ከ700 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ከአድማውም በኋላ 116 ዓመት ቆይቶ የመጣ እውቅና ነው።

እኛም ቤት ብዙ ነገር አለ። የሶፋው ዳንቴል፣ የትራስ ልብሱ ላይ የተጠለፈው አበባ፣ የጠረጴዛው ልብስ ዳር ላይ በመስቀልያ ጥልፍ የወጣው ቢራቢሮ፣ እናት ወይም አክስት በመብራት ዓይኗን እያደከመች የሠራችው ነው። ሲያረጅ ይታጠፍና ቁምሣጥን ይገባል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ወይም ቤትሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ካለና የሠራችው በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት፤ ንድፉን ከማን እንዳገኘች፣ ክሩን ከየት እንደገዛች፣ ስንት ዓመቷ እንደነበር ትናገር። ከዚያ ጨርቁን ገልብጣችሁ፣ በጀርባው ጥግ ላይ፣ ስሟን፣ የአገሯን ስምና ዓመቱን በማይለቅ ክር ጻፉበት።